ጫማ ያደረጉ ፊደሎች

ውድ ወንድምጋሼ፣

ስደውልልህ «ደህና ነኝ» ብለህ ስለምትዘጋብኝ መጻፉን መረጥኩ። ባለቤትህ ጮክ ብላ ታንብብልህ። አንዲት መስመር እንዳትዘል አስጠንቅቄያታለሁ።

«ዓይኑ የደከመ ፊደል ሠሪ ምን ይሠራል?» ብለህ ቤትህ ከተቀመጥክ ወዲህ፣ የሰሌዳ ሥራው በእኔና በዚያ ነገረኛ ማተሚያ ማሽን ላይ ወድቋል። በቅርቡ የአውቶቡስ ጣቢያው ኃላፊ የበሮቹን ሰሌዳ በሙሉ እንድንሠራ አዘዘን። ቀጠን ባለ፣ ሽንጣም ፊደል ሠርቼ ባሳየው ወደደው። እኔ ግን እንዳስተማርከኝ ናሙናውን ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ ፊቴን ወደሱ አድርጌ ወደ ኋላ ተራመድኩ። መንገዱን ሳልሻገር ጽሑፉ ጠፋ። አንተ ጣቢያው መሃል ቆመህ አላፊ አግዳሚውን «በሩ የቱ ነው?» ስትል ታየኝ።

ኃላፊውን ጊዜ ለምኜ ሌላ ሣልኩ። ይኸኛው ወፍራም ነው፤ እግሩ ሥር እንደ ጡብ አራት ማዕዘን የሆነ መቆሚያ አለው። እኔ «ጫማ ያደረገው» እለዋለሁ። በ እና ለ ጫማው ወዲያው ልካቸው ሆነ። ሐ ግን ባለ ሦስት እግር ስለሆነ ጫማዎቹ እርስ በርስ ተጋጩበት፣ የመሃለኛውን ማጥበብ ነበረብኝ። መ ደግሞ ጭራሽ እግር የለውም። ሁለቱንም ሆዱን ከሥር ጠፍጠፍ ባደርገው አደብ ገዛ። ኃላፊውም ተስማማና ሰሌዳዎቹ በየበሩ ተሰቀሉ።

ጎረቤታችን ልብስ አጣቢው አይቶት «የሱቄን ደንብ ከላይ እስከ ታች በዚህ ጻፊልኝ» ብሎ ድርቅ አለ። ለረጅም ጽሑፍ አይሆንም ብዬ ብነግረው ካልታዘልኩ አላምንም አለ። ሠራሁለት፤ ወረቀቱ ከሰል መሰለ።

«እንዴ! ይሄ እኮ ደንበኞቼን እየተቆጣ ነው!»

«ነግሬህ አልነበር? ይሄ ለርዕስ ነው፣ ለሰሌዳ፣ ለፖስተር። ረጅም ወሬ አይችልበትም።»

ርዕሱን ብቻ በወፍራሙ ትተን ዝርዝሩን በቀጭኑ ጻፍነው። አሁን ላለፈ ላገደመው ሁሉ የፊደል አዋቂ ሆኖ ያስረዳል።

ትናንት መሰላል ላይ እያለሁ ልጅህ ደወለችልኝ። ሐኪም ዘንድ ልትወስድህ በጣቢያው ስታልፉ፣ ክንዷን ለቀህ «በር ሁለት በዚህ ነው» ብለህ ቀደምካት አሉ።

«አክስቴ፣ አባዬ እኮ ራሱ አነበበው!» አለችኝ።

ከመሰላሉ ወርጄ አለቀስኩ። ደስታ ነው፣ አትጨነቅ።

ወንድምጋሼ፣ ሥራው ናፍቆሃል፤ እኔም ናፍቀኸኛል። ኩራትህን አውቀዋለሁ፣ ለእኔም ተርፎኛል። እንድትሥል አልጠይቅህም። ገና ያልጨረስኳቸው ፊደሎች ብዙ ናቸው፤ ደህና የሚያይ ሰው ሁሉ «ቆንጆ ነው» እያለ ያልፋቸዋል፣ ስህተቴን የሚነግረኝ አጣሁ። ሰኞ ናና መንገዱ ማዶ ቁምልኝ። እኔ ልለጥፍ፣ አንተ አንብብ። አንተ ያላነበብከውን፣ እስክታነበው ድረስ ደግሜ እሥለዋለሁ።

ጠዋት በሩን ከፍቼ የምጠብቅህ
ታናሽ እህትህ