ሥራ አለው ያልኩት ልጅ

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ለሩቋ ልጄ፣

አገሩ ተስማማሽ? ብርዱስ? እኔ ደህና ነኝ፣ ምላሴ ግን ደህና አይደለም። ወንድምሽ ሥራ ሊያገኝ ነው ብዬሽ አልነበር? ነገሩ ተበላሽቷል። ከሥሩ ልንገርሽ።

አምና ማዘጋጃ ቤቱ የከተማውን ሠራተኛና ሥራ ፈት ቤት ለቤት አስቆጠረ። እኛ ቤት የመጣችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት፤ ያቺው ወንድምሽ ሊያገባት ቀን የቆረጠላት። ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «አባባ፣ ልጅዎ ባለፈው ሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ ሠርቷል?» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት መዋሉን ከእኔ በላይ ታውቃለች። ማወቅ ሌላ፣ መጻፍ ሌላ! ሠላሳ ዓመት የሽመና ክፍል አለቃ የነበርኩ ሰው፣ በገዛ ምራቴ እጅ ሥራ ፈት ያሳደገ ተብዬ መዝገብ ልግባ?

«የራሱ የእንጨት ሥራ ቤት አለው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አባባ፣ አባወራው ያለውን ነው የምጽፈው፤ ደንቡ ነው።»

«ጻፊያ! ማን ከለከለሽ?»

ጻፈች።

በዚህ ወር አዲሱ የጫማ ፋብሪካ ተከፈተ። መሬት የተሰጠው በቆጠራው ሥራ ፈት ተብሎ ከተመዘገበ በቀር ሰው ላይቀጥር ፈርሞ ነው። ወንድምሽ ሸሚዙን ተኩሶ ሄደ። ጸሐፊው ዝርዝሩን አይቶ «አንተማ ባለ ድርጅት ነህ፤ እንዲያውም እኔን ቅጠረኝ» አለው። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀበት።

ደሙ ፈልቶ መጣ። «አባዬ፣ ምን ብለህ ነው ያስጻፍከው?» ሲለኝ አፌ ቀደመኝ፤ «እኔ እውነቱን ነው የነገርኳት» አልኩት።

እየሮጠ ወደ ልጅቷ እናት ደጃፍ ሄደ። ተከተልኩት። ጎረቤት እየሰማ ከአፉ ወጥቶ በማያውቅ ስድብ እጮኛውን ሰደባት። እሷ እሱን አላየችም፣ እኔን ነው ያየችው፤ እንድናገር ጠበቀችኝ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩና መሬት መሬት አየሁ። እሷም አላጋለጠችኝም። ሠርጉ ቀረ። ማዘጋጃ ቤቱም ቅጹን በሐሰት ሞልታለች ብሎ አባረራት።

አባወራው ቀርቦ ዋሽቻለሁ ብሎ ከፈረመ ምዝገባው ይስተካከላል አሉ። የፋብሪካው ቅጥር የሚዘጋው ነገ ነው። ዛሬ ጠዋት ኮቴን ለብሼ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ በር ደርሻለሁ። ዘበኛው «አለቃ!» ብሎ ብድግ አለልኝ። ተመለስኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ግን ከሞትኩ በኋላ ይጥራ እያልኩ ነው የምለምነው።

ወንድምሽ አሁን ከእኔ ሌላ ሰው አያምንም። ምሳዬን ራሱ ያቀርብልኛል፤ ሳልቀምስ አይቀምስም።

ልጄ፣ ደውለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት እንደምትዪ አውቃለሁ። ብደውልልሽ ኖሮ አንቺ ዛሬውኑ ትነግሪው ነበር። ደብዳቤ ግን ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

ፈጣሪ እንደ እኔ ካለ አባት በስተቀር ሁሉን ይስጥሽ።

አባትሽ