የአባቴ ሰላምታ

አዲስ ከተማ፣ ጥር 9 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እንዴት ከርመሻል? ቁርጥማትሽ ተሻለሽ ወይ? እኔ ራጉኤል ይመስገን ከሥራ ብዛት በቀር የነካኝ የለም። ደብዳቤዬን የሚያነቡልሽን መሪጌታ ኪዳነ ማርያምን እጅ ነሥቻለሁ፤ የዛሬው ረዥም ነውና ይታገሡኝ።

እዚህ ሰው ሞልቷል፤ የመርካቶ ጩኸት ገና ሲነጋ አልጋዬ ድረስ ይመጣል። ግን በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚለኝ። እሳት ያቃጠላቸው ሕሙማን ከሚተኙበት ክፍል ስወጣ ጠረኑ ከልብሴ ስለማይለቅ፣ ምሳዬንም ከሰው ራቅ ብዬ ነው የምበላው።

ከኅዳር ጀምሮ የማስታምማት ሐጀራ የምትባል ሴት አለች፤ ባሏ ባህረዲን ጨርቅ ነጋዴ ነው። የላምባ ምድጃ ፈንድቶ እሷንም የአራት ዓመት ልጇን መሊካንም አቃጠላቸው። ጎረቤት ለደግ አስቦ ቅቤ ቀብቷቸው ነበር፤ እሱን አጥቤ ለማንሣት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። መሊካ በሦስተኛው ቀን ዐረፈች። ባህረዲን እግሬ ላይ ወድቆ፣ የሐጀራ ቁስል ሳይደርቅ እንዳትነግሪብኝ አለኝ። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርምና እሺ አልሁት።

እጆቿ በፋሻ ስለተጠቀለሉ የማጎርሳት እኔ ነኝ። የተቃጠለ ሰው ካልበላ ገላው አይገጥምም፤ እሷ ደግሞ የልጇን ወሬ ሳትሰማ አፏን አትከፍትም። ስለዚህ በየቀኑ «መሊካ ሌላ ክፍል ናት፣ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች» እያልሁ እንቁላል አጎርሳታለሁ። ውሸት ለመድሁ እማዬ፤ ጎበዝም ሆንሁ።

ትናንት ፋሻዋን በጨው ውሃ እያራስሁ ስፈታ፣ ሕመሙ እያንቀጠቀጣት ትክ ብላ አየችኝ።

«ሲስተር፣ የኔ ልጅ ሰላምታ አታውቅም። ደህና ብትሆን ጫማ ግዙልኝ ነበር የምትለው» አለችኝ።

ፋሻውን አስቀምጬ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ። ሳትጮህ ብዙ አለቀሰች፤ እንባዋን የምጠርግላት እኔው ነበርሁ። ኋላ ራሷ አጉርሺኝ አለችኝ።

ከሥራ ስወጣ ሳጥኔን ከፍቼ የላክሽልኝን ደብዳቤዎች አወጣሁ። አባባ ድሮ ስለ በሬው ስለ ቦራ ሳያስጽፍ መሪጌታን አይለቃቸውም ነበር፤ ቦራ አጥር ጣሰ፣ ቦራ እንደ አንቺ እልኸኛ ነው እያለ ይተርበኝ ነበር። ከመስከረም ወዲህ በመጡት ሦስት ደብዳቤዎች ግን ቦራ የለም። የሦስቱም መጨረሻ «አባትሽ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል» ይላል።

መሪጌታ፣ እዚህ ላይ አያቋርጡ፤ ያንብቡላት።

እማዬ፣ አልተቀየምሁሽም። እዚያ ብቻዋን ብትሰማ ማን ደግፎ ይይዛታል ብለሽ ይሆናል። እውነትሽን ነው፣ የሚይዘኝ የለም። ግን ሐጀራ ዛሬ ሳልለምናት በላች።

ለየካቲት መጨረሻ ፈቃድ አግኝቻለሁ። አውቶቡሱ ቢቸና ገበያው ዳር ያወርደኛል፤ ከዚያ እስከ ደጃፋችን አገር ሁሉ ያየኛል። ነጠላዬን እንደ ወትሮው ለብሼ ልምጣ ወይስ ዘቅዝቄ? እሱን ብቻ አስጽፈሽ ላኪልኝ።

እስክደርስ ድረስ አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ አንቺን እንኳ ያቆይልኝ።

ልጅሽ