ሳይከፈት በጸጥታው አንደኛ ስለወጣው ኮምፒውተር

ለተከበሩ የንባብ ማዕከላችን የግዥና ንብረት አስተዳደር ክፍል ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ጆሮዎ ደህና ሰንብቷል? ጆሮዎን ነጥዬ መጠየቄ ለክፋት አይደለም። ካለፉት ወራት ወዲህ ከጆሮ በቀር የማስበው ነገር ስለሌለኝና፣ ከላክኋቸው ስድስት ማመልከቻዎች አምስቱ የውሃ ሽታ ሆነው ስለቀሩ፣ ሕመም ይዞዎት እንዳይሆን ከልብ ሰግቼ ነው።

በስሜ ባያውቁኝ በአቤቱታዬ ብዛት ሳያውቁኝ አይቀሩም። ሠላሳ አንድ ዓመት በአውቶቡስ መናኸሪያ በድምፅ ማጉያ የመነሻ ሰዓት ስለፍፍ የኖርኩ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ለማዕከላችን በበጎ ፈቃድ መጻሕፍት የማነብ ሴት ነኝ። ማዕከሉ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በጆሯቸው የሚያጠኗቸውን የትምህርት መጻሕፍት በድምፅ የሚያዘጋጅ መሆኑን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል፤ ነገር ግን ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ሌላም ሰው ያነበዋል፣ ለእርስዎም ቢሆን አልፎ አልፎ ቢያስታውሱት አይጎዳዎትም ብዬ ነው። የምለምንዎት አንዲት ፊርማ ናት። ሃያ ሦስት ተማሪዎች የሥነ ሕይወት መጽሐፋቸውን እየጠበቁ ነው፤ ለመልቀቂያ ፈተናው የቀረው አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው፤ ከዘጠኙ ምዕራፍ እስከ ዛሬ ጆሯቸው የደረሰ አንድም የለም።

ወደ ልመናዬ ከመግባቴ በፊት ግን ምስጋና ማቅረብ አሳዳጊዎቼ ያስተማሩኝ ወግ ነውና፣ ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አመራረጡ አመሰግናለሁ። የማዕከሉ ስቱዲዮ ጣሪያው ለእድሳት ሲፈርስ፣ እኛ ዘጠኝ አንባቢዎች በየቤታችን እንድንቀርጽና ለእያንዳንዳችን ድምፅ የማያሰማ ኮምፒውተር እንዲሰጠን ተወሰነ። የርክክብ ቅጹን ስፈርም ጸሐፊዎ ሳታስበው የኮሚቴውን ቃለ ጉባዔ ከወረቀቴ ጋር አያይዛ ሰጠችኝ፤ እባክዎን እንዳይቆጧት፣ ከጡረታዬ ወዲህ እንዲህ ያሳቀኝ ጽሑፍ የለም። ከዚሁ እንደተረዳሁት አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ አራት ወር ሙሉ አሥራ አንድ ጊዜ ተሰብስቦ፣ ከመቶው ነጥብ አርባውን ለጸጥታ መድቦ፣ አምስት ኮምፒውተሮችን አወዳድሯል። ሆኖም የንብረት መመሪያው የታሸገ ዕቃ ርክክብ ሳይፈጸም እንዳይከፈት ስለሚከለክል፣ ኮሚቴው አምስቱንም እንደታሸጉ በስብሰባ አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ በርና መስኮት ዘግቶ፣ ሃያ ደቂቃ በጥሞና አዳመጣቸው። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። አንድ አባል ከሦስተኛው ካርቶን የሚነዝር ነገር ሰምቻለሁ ብለው በልዩነት ያስመዘገቡት ሐሳብም፣ የሚነዝረው የገዛ ኪሳቸው ስልክ መሆኑ በመረጋገጡ ውድቅ ተደርጓል። አምስቱም አርባ ከአርባ ስላገኙ አሸናፊው በካርቶኑ ጥንካሬና በላዩ ባለው ሥዕል ተለየ። ክቡር ሆይ፣ ሐብሐብ የሚገዛ ሰው እንኳ አንኳኩቶ ነው የሚገዛው።

ሁለተኛ፣ ስለ አሸናፊው ራሱ አመሰግናለሁ። ለቀረጻ ያዘጋጀሁት ክፍል ከመኝታ ቤታችን ጎን ያለችው ዕቃ ማስቀመጫ ናት፤ በቁመት ሦስት እርምጃ፣ በወርድ ሁለት። ግድግዳዋን በአሮጌ ፍራሽ፣ በሯን በሁለት ብርድ ልብስ ሸፍኜ፣ የባለቤቴን የክረምት ካፖርቶች በጣሪያዋ ዙሪያ ሰቅዬ፣ የራሴን ትንፋሽ እስክሰማ ድረስ ጸጥ አሰኝቻት ነበር። ካርቶኑ ሲከፈት ባለቤቴ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ቁመቱ ከጉልበቴ በላይ፣ ጎኑ መስታወት፣ በሆዱ ስድስት ማራገቢያ፤ በዚያ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ የሚፈራረቅ መብራት። ማየት ለማይችሉ ልጆች በሚነበብ መጽሐፍ ላይ ይህን የሚያህል የመብራት ድግስ መደገስዎ አንጀት ይበላል። ሲበራማ ጉድ ነው! ያን ሁሉ ዓመት ጠዋት ጠዋት የሚሞቅ ሞተር ስሰማ ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ ተገላገልኩ ስል ሞተሩ እቤቴ ድረስ መጣ። አብራን የምትኖረው የእህቴ ልጅ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይኗ የማያይ፣ ዘንድሮ ከሃያ ሦስቱ ተፈታኞች አንዷ የሆነች ናት። በር ላይ ቆማ ጥቂት አዳመጠችና «አክስቴ፣ ይሄኛው የስንት ሰዓቱ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ ሳቄ ሲያልቅ ግን ማልቀስ ነው ያማረኝ።

ሦስተኛ፣ ከእርስዎ ቢሮ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራውን የድምፅ ጥራት ክፍል አመሰግናለሁ። ምዕራፍ አንድን ቀርጬ ብልክ «የጀርባ ድምፅ አለው፣ ይደገም» ተብሎ ተመለሰ። ደገምኩ፤ ተመለሰ። አራት ጊዜ ደገምኩ፣ አራት ጊዜ ተመለሰ። የጀርባው ድምፅ የእናንተው ኮምፒውተር ነው ብዬ ለእርስዎ ስጽፍ፣ ዕቃው በጸጥታ ሙሉ ነጥብ ያመጣ መሆኑን ጠቅሰው፣ እኔ በንባብ ጊዜ ድምፄን ከፍ ባደርግ ችግሩ እንደሚቃለል መከሩኝ። ከእርስዎ ያገኘሁት ብቸኛ መልስ ይኸው ነበርና ምክሩን በክብር ተቀበልኩ። ድምፅ ከፍ ማድረግ ለእኔ ይነገራል? የደም ሥሬ ተገታትሮ ስለ ሕዋስ አወጅኩ፤ የታችኛው ቤት ጎረቤቴ ምን ሆናችሁ ብላ ሮጣ መጣች። ከጥራት ክፍሉ የመጣው መልስ «አንባቢዋ ይጮኻሉ፣ ይደገም» የሚል ነበር። ግድግዳው ቀጭን ነው ክቡርነትዎ፤ አንድ ቀን ቢያንኳኩላቸው ኖሮ እኔ በሁለታችሁ መካከል እግሬ እስኪቀጥን ባልተመላለስኩ።

አራተኛውን ምስጋና ትቼዋለሁ። ባለቤቴ ረቂቁን አይቶ፣ ይህን ከላክሽ እኔ የዚህ ቤት ሰው አይደለሁም ስላለኝ ነው።

አምስተኛ፣ ስለ ተቆጣጣሪዎ ንቃት አመሰግናለሁ። ችግሬን በራሴ ልፍታ ብዬ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ብርድ ልብስ አለበስኩት። ሞቀው፤ ሲሞቀው ማራገቢያዎቹ ባሰባቸው፤ ስለ ደም ዝውውር እያነበብኩ የልብ ቀኝ ክፍል ላይ ስደርስ ደክሞት ጠፋ፤ የግማሽ ቀን ሥራዬንም ውሃ በላው። ቀጥሎ ረጅም ገመድ ገዝቼ፣ በበሩ ሥር አሳልፌ፣ ኮምፒውተሩን መተላለፊያው ላይ አስቀመጥኩትና ማይክሮፎኑን ብቻ ይዤ ገባሁ። እሰይ፣ ተገላገልኩ ስል ተቆጣጣሪዎ ደረሱ። በቅጹ ላይ የዕቃው ቦታ «የቀረጻ ክፍል» ተብሎ ስለተመዘገበ፣ ከተመደበበት ስፍራ አራት እርምጃ ርቆ ተገኝቷል በሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውኝ ሄዱ። እርምጃውን በሜትር ነበር የለኩት፤ ባለቤቴ የሜትሩን ጫፍ ይዞላቸዋል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ምስጋና አይደለምና።

የእህቴን ልጅ ይዤ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሱቅ ሄድኩ። የሄድኩት ማራገቢያውን የሚያለዝብ ዘይት ነገር ካለ ብዬ ነበር። ጠጋኙ ከአፉ ቃል ቆጥቦ የሚያወጣ ሰው ነው፤ ታሪኩን ሰምቶ ሲያበቃ፣ ዕቃው ለጨዋታ የተሠራ ኃይለኛ ማሽን እንደሆነ፣ ድምፅ ለመቅረጽ ግን የኃይሉ ሩብ እንኳ እንደማያስፈልግ፣ ብዙ የማይሞቅ ኮምፒውተር ማራገቢያም እንደማያሻው አስረዳን። ከዚያም ሦስት ኮምፒውተሮች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሁሉንም አበራቸው። ልብ ይበሉልኝ፣ አበራቸው ነው ያልኩት።

ልጅቷ በሩ እንዲዘጋላት ጠየቀች። አንድ በአንድ ጆሮዋን አስጠጋች፤ መዳፏን ከኋላቸው አድርጋ የሚወጣውን አየር ዳሰሰች፤ አንድ ከባድ ፋይል እንዲከፈትባቸው አድርጋ ሲጨነቁ እንደገና አዳመጠች። የመጀመሪያውን ገና ስትጠጋው ተወችው። ሁለተኛው ጸጥ ያለ ቢመስልም ውስጡ እንደ ሰዓት የሚቆጥር ነገር አለው አለች፤ ጠጋኙ ተደንቆ፣ የድሮው ዓይነት የሚሽከረከር ዲስክ ስላለው መሆኑን ነገራት። ሦስተኛው ማራገቢያ የሌለው፣ የሚሽከረከርም የሚቆጥርም ነገር የሌለበት፣ ከሥነ ሕይወት መጽሐፉ ብዙ የማይወፍር ትንሽ ሣጥን ነበር። ጆሮዋን ለጥፋበት ቆየችና «አክስቴ፣ በርቷል ወይ?» አለች። በርቶ ነበር። ጠቅላላ ምርጫው አንድ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ጠጋኙም ለማዕከሉ ሥራ ከሆነ ፈተናው እስኪያልፍ ውሰዱት ብሎ በውሰት ሰጠን።

በሳምንት ውስጥ ሦስት ምዕራፍ አነበብኩ። የጥራት ክፍሉ ሦስቱንም ተቀብሎ «እጅግ ጥራት ያለው» ብሎ ማህተም መታበት። ባለቤቴ ሰምቶ ጨበጠኝ፤ ተጋብተን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ጨብጦኝ አያውቅም። በማግሥቱ ቅጂዎቹን የያዘው ፍላሽ በንብረት መዝገብ ባልሰፈረ መሣሪያ የተቀረጸ ነው ተብሎ በእርስዎ ትዕዛዝ ታገደ፤ አሁን በጠረጴዛዎ ሁለተኛ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት እንደሚገኝ ከጸሐፊዎ ሰምቻለሁ። እሷን አሁንም እንዳይቆጧት።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በፈገግታ ጻፍኩ፤ እዚህ ላይ ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ተናድጃለሁ። የዓይናማዎቹ ተፈታኞች መጽሐፍ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ በእጃቸው ነው፤ አጣጥፈውታል፣ አስምረውበታል፣ አንዳንዱም ቀዶ ጥሎታል። የእኔዋ ልጅ ግን ለራሷ ያነበብኩላትን እንኳ አብረዋት ለሚፈተኑት ሃያ ሁለት ልጆች ካልደረሰ አልሰማም አለች፤ እኔ ብቻዬን አክስት ስላለችኝ ልለፍ ወይ ነው መልሷ። ሐኪም ቤት ገብታ በእጇ ዳስሳ ሕመም የምታቃልል ባለሙያ መሆን ነው ሐሳቧ፤ ያለ ሥነ ሕይወት ደግሞ በሩ አይከፈትላትም። በፊት ከትምህርት ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሳታወርድ ምዕራፍ አራት መቼ ነው ትለኝ ነበር። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ አትጠይቅም። ጠይቃ ብትነዘንዘኝ በወደድኩ፤ ዝምታዋን ነው ያልቻልኩት።

ስለዚህ ልመናዬ ይኸው ነው፤ መሳቢያውን ይክፈቱ፣ በውሰት ባገኘሁት ኮምፒውተር የቀሩትን ስድስት ምዕራፎች እንድጨርስ በአንዲት ፊርማ ይፍቀዱ። ለዚህ ኮሚቴ አያስፈልግም፤ እስክሪብቶ ይበቃል። ባለ መስታወቱን ንብረትዎን ከነመብራቱ፣ ከነስድስት ማራገቢያው፣ ተቆጣጣሪዎ በመረጡት ቀን አስረክባለሁ።

ውድ ጊዜዎን ወስጄ ከሆነ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ መመሪያ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ እያቀረብኩ፣ ወንበርዎ እንዳይጎረብጥዎ፣ ማህተምዎ እንዳይደርቅብዎ፣ የመሳቢያዎም ቁልፍ ከአጠገብዎ እንዳይጠፋ ከልብ እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ፣
የቀድሞዋ የመናኸሪያ ለፋፊ፣ ያሁኗ የሥነ ሕይወት አንባቢ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ማመልከቻ ለማስገባት ወደ እርስዎ ፎቅ ስድስት ጊዜ በሥራ ሰዓት መጥቻለሁ፤ እውነቴን ነው የምልዎት፣ ድምፅ የሌለበት ቦታ ፍለጋ ስንከራተት እንደዚያ መተላለፊያ ጸጥ ያለ ስፍራ አላጋጠመኝም። የሚራመድ የለ፣ የሚጽፍ የለ፣ ስልክ የሚያነሳም የለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ባክኖ መቅረት ስለሌለበት፣ ሃያ ሦስቱም ልጆች ከመጪው ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ጀምሮ ወንበራቸውን ይዘው በርዎ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔም ምዕራፍ አንድን ከመጽሐፉ በቀጥታ እጀምርላቸዋለሁ። ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልገንም። ብንረብሽዎም ወጥተው መቆጣት አይጠበቅብዎትም፤ እነዚህ ልጆች ጆሯቸው ንቁ ነው፣ እስክሪብቶዎ ወረቀቱን ሲነካ በተዘጋ በር ይሰሙታል፣ ያኔ ወዲያው ተነስተን እንሄዳለን።