የቤቱ ዋና ተጠቃሚ

ካያኒ፣ ፊንላንድ፣ ኖቬምበር 2025

ለምወድህና ለተቀየምኩህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ያ በየመኸሩ የሚነሳብህ ሳል ዘንድሮስ ማረህ? ሚስትህ ሚንቱስ እንዴት ናት? ሥራዋ አሁንም ያመሻታል? የልጅህ የሲልያ የወለቀ ጥርስ በቅሎ እንደሆነ በሚቀጥለው ስትደውል ንገረኝ። እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። የምበላውን ራሴ አበስላለሁ፣ ማገዶዬን ራሴ አስገባለሁ። ሐይቁ ገና አልረጋም፤ በረዶ የያዘው ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ነው።

በስልክ መንገር ስችል ለምን ወረቀት እንዳነሳሁ ትገረም ይሆናል። በስልክ ስናወራ ገና ሁለተኛውን ነገር ሳልጨርስ እሺ እማ፣ ገባኝ እማ እያልክ ታቋርጠኛለህ። ወረቀት ማንም አያቋርጠውም። በኢሜይል እንዳልጽፍልህ ደግሞ የእኔን ኢሜይል ከእኔ ቀድመህ የምታነበው አንተ እንደነበርክ አሁን አውቄያለሁ።

ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሦስት ጊዜ ደውለህ፣ እማ ኮምፒውተሩን አብሪውማ፣ ከዚህ ሆኜ መግባት አቃተኝ ብለኸኛል። ሦስቱንም ጊዜ እሺ ብዬህ ስልኩን ዘጋሁ። ኮምፒውተሩ ያኔም በርቶ ነበር፣ አሁንም በርቷል። አንተ ነህ መግባት የማትችለው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልንገርህ። በመስከረም ወር ኮምፒውተሩ ከእንግዲህ ጥገና አይደረግልኝም የሚል ማስታወቂያ በየቀኑ እያወጣ ሲያስቸግረኝ ደወልኩልህ። እማ፣ እሱ ዕቃ አርጅቷል፣ አዲሱን ሲስተም አይሸከምም፣ አትንኪው፣ ስመጣ እጥልልሻለሁ አልከኝ። እንግዲያው አዲስ ልግዛ ስልህ፣ ምን ያደርግልሻል፣ እዚያ ቤት ስንት ዓመት ልትቆዪ ነው አልክ። ወዲያው ደግሞ ደንገጥ ብለህ ስለ አየሩ ጠየቅከኝ።

ስለ አየሩ ምን እንደመለስኩልህ አላስታውስም። ስንት ዓመት ልትቆዪ ነው ያልከው ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አባትህ ምስማሩን እየመታ፣ እኔ ሳንቃውን እየያዝኩ በሠራነው ቤት ስንት ዓመት እንደምኖር ቆጥሮ የሚነግረኝ ልጄ ሆነ እንዴ? ተናደድኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ይህን ስጽፍም አልበረደልኝም።

አባትህ ከሞተ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ነገር ልጭን ባልኩ ቁጥር የዋና ተጠቃሚውን ፈቃድ ጠይቂ ይለኝ ነበር። ዋና ተጠቃሚው አንተ ነህ፣ የምትኖረውም ታምፔሬ ከተማ ነው። ለሹራብ ጥለት የምትሆን አንዲት ፕሮግራም ለማስገባት እንኳ ሦስት ሳምንት ደጅ ጠናሁህ፤ በገዛ ሳሎኔ! ያኔ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያልኩ ስንቱን ዋጥኩት።

በጥቅምት መጨረሻ ላይብረሪው በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። የሊኑክስ ደቦ፣ ቅዳሜ ከረፋድ ጀምሮ፣ አሮጌ ኮምፒውተራችሁን ይዛችሁ ኑ ይላል። ድንች በደቦ አውጥተናል፣ የጀልባውን ማሳረፊያም በደቦ ጠግነናል፤ ኮምፒውተር በደቦ ሲሠራ ግን ሰምቼም አላውቅ። ሊኑክስ ደግሞ የዚሁ የእኛው አገር ተማሪ የጀመረው ሲስተም ነው፤ በነፃ ነው፣ አሮጌ ዕቃም አይንቅም። ጎረቤቴ አውኔ በመኪናዋ ልትወስደኝ ተስማማች። ኮምፒውተሩን የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠን እንደ ሕፃን በቀበቶ አሰርነው።

ደቦ ባዶ እጅ አይኬድበትም፤ የሚያበላውም ባለቤቱ ነው። ኮምፒውተሩ የእኔ ስለሆነ ባለቤቷ እኔ ነኝ ብዬ በሩዝ የተሞላ የአጃ ቂጣ አርባ ጋግሬ ሄድኩ። ለካ ሌላውም እንደ እኔ አስቦ ኖሯል! አሥራ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ አሥራ አንድ ባለቤት፣ አሥራ አንድ ትሪ የአጃ ቂጣ። የላይብረሪዋ ልጅ ራሷን ይዛ፣ ኮምፒውተሮቹን የት ላስቀምጣቸው ነው አለች።

ለእኔ የደረሰኝ ቬይኮ ሙስቶነን የሚባል ጡረታ የወጣ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነው። ይሥራልኝ ብዬ ወንበሩን ስለቅለት እጁን ኪሱ ከተተና፣ ደቦ ላይ ባለቤቷ ቆማ አታይም፣ ተቀመጪና ራስሽ ንኪው አለኝ። ባበላሸውስ? አልኩት። ካበላሸሽው ያንቺው ነው፣ ማን ይከስሻል አለ። ልጄ አትንኪው ብሎኛል ብለው፣ ልጅሽ ዕድሜው ስንት ነው? ብሎ ጠየቀኝ። አርባ ስድስት አልኩ። እንግዲያው አድጓል፣ ቢያለቅስም ዝም ይላል፣ ንኪው አለኝ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ሳቅሁ። ኮምፒውተሩ ፈቃድስ አይጠይቀኝም ወይ? ስለው ደግሞ በጣቱ የያዛትን ፍላሽ እያሳየኝ፣ እዚህ ላይ ያለው ሲስተም ልጅሽን አያውቀውም አለኝ።

አሮጌው አንዴ ከጠፋ እስከወዲያኛው ነውና መጀመሪያ የምትፈልጊውን ሁሉ ገልብጪ ተባልኩ። ኮምፒውተሩ በፍላሿ ሲነሳ ለእኔ ተዘግቶ የኖረው ሁሉ ተከፍቶ ታየ። የአባትህን የዓሣ ማስታወሻ ገለበጥኩ፣ የልጆቹን ፎቶ ገለበጥኩ። ከዚያ አንተ በምትገባበት በኩል እናት የሚል ፎልደር አየሁ። ልቤ ሞቀ። ለልደቴ የሚያዘጋጅልኝ ነገር ይሆናል ብዬ ከፈትኩት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው። በሰኔው የዮሐንስ በዓል መጥተህ ከክፍል ክፍል እየዞርክ ፎቶ ስታነሳ፣ ያደገበት ቤት ናፍቆት ነው ብዬ ሳውና ውስጥ ብቻዬን አልቅሼ ነበር። ፎቶዎቹ እዚያ አሉ። እኔ በአንዱም የለሁም። ከመስኮቱ ሥር የማትነሳው ወንበሬ እንኳ ተነስታለች። በየፎቶው ግርጌ እንደ ቤት ሽያጭ ማስታወቂያ የክፍሉ ስፋት በካሬ ሜትር ተጽፏል። ከእነሱ ቀጥሎ የአረጋውያን መኖሪያ ማመልከቻ፣ በእኔ ስም ተሞልቶ። ትረሳለች ወይ? ለሚለው አዎ። የራሷን ጉዳይ ማከናወን ትችላለች ወይ? ለሚለው አትችልም። የተወለድኩበት ቀን ላይ ደግሞ ምን እንደጻፍክ ታውቃለህ? የስሜን ቀን፣ ካሌንደራችን ለየስሙ ከሚመድበው ቀን የእኔን! በየዓመቱ ካሌንደሩ ላይ ስሜን እያየህ በዚያ ቀን አበባ ስትልክልኝ ኖረህ፣ የተወለድኩትም ያን ቀን መሰለህ። ከሁለታችን የሚረሳው ማን ነው?

ቬይኮ ከኋላዬ ቆሞ አይቷል። ሄዶ ቡና ቀድቶልኝ መጣ። እስክጠጣው ጠበቀኝና፣ እነዚህስ ፎቶዎች ይገልበጡ? አለኝ። እዚያው ይቅሩ አልኩት። ጥቂት ቆይቶ ሲስተሙ ራሱ፣ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነሽ? ሲል ጠየቀኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው እሱ ነው። አዎ የሚለውን ተጫንኩ።

አሁን የምነግርህን ላልነግርህ አስቤ ነበር። ተጭኖ ካለቀ በኋላ ስሜንና ፓስዎርዴን አስገባሁ፤ ስህተት ነው አለኝ። ደገምኩ፤ ስህተት ነው። አምስት ጊዜ። ራሴ መርጬ፣ ራሴ ሁለቴ የጻፍኩት፣ ገና ግማሽ ሰዓት ያልሞላው ቃል ነው። ልጄ ማመልከቻው ላይ ያሰፈረው እውነት ነው ማለት ነው፣ ረስቼዋለሁ ማለት ነው ብዬ ኮቴን ለማንሳት ተነሳሁ። ቬይኮ ቁጭ አደረገኝና፣ በቃልሽ ውስጥ ሁለት ነጥብ ያለባት ኦ (ö) አለች? አለኝ። አለች አልኩ። ሳቁን ለቀቀው። አንቺ አልረሳሽም፤ ስንጭነው ኪቦርዱ በእንግሊዝኛ ነበር፣ በእንግሊዝኛ ያቺ ቁልፍ ድርብ ሰረዝ ናት፣ አሁን ወደ ፊንላንድኛ ተመልሷል፤ በየደቦው የሚደርስብን ነው፣ የዚህ ከተማ ግማሹ ፓስዎርዱን በሚስቱ ወይም በባሉ ስም ያደርጋል፣ ስሙም ነጥብ አያጣውም አለኝ። በኦ ፈንታ ድርብ ሰረዝ አስገባሁ፤ ተከፈተ። አለቀስኩ፣ አላፍርበትም። ቃሉ ምን እንደሆነ ግን አልነግርህም፤ የአባትህ ስም ነው ብለህም አትልፋ፣ በማግስቱ ቀይሬዋለሁ።

እንግዲህ የዚህ ቤት ዋና ተጠቃሚ እኔ ነኝ። ለአንተም ስም ከፍቼልሃለሁ፤ ተራ ተጠቃሚ ነህ። መጥተህ አንድ ነገር ልጫን ብትል ፈቃድ ይጠይቅሃል፤ እኔም አስብበታለሁ። ከታምፔሬ የምትገባበትን በር ግን አልከፍተውም። ኢሜይሌን እያነበብክ ማን እንደጻፈልኝ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ከምታጣራ እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፈርተህልኝ ነው። የፈራልኝ ሁሉ ግን በእኔ ላይ ይፈርዳል ማለት አይደለም።

ደግሞ ብቻዋን ናት ብለህ አትብሰልሰል። አውኔ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ትደውልልኛለች፤ ሁለቴ ጠርቶ ካላነሳሁ ቁልፍ አላት። የሳውናው ደረጃ ላይ ቬይኮ ጥሩ የእጅ መደገፊያ ገጥሞልኛል። እስከ መስከረም ድረስ ያለ መደገፊያ ስወጣና ስወርድ ኖሬ አሁን ምን እንዳስገጠመኝ አትጠይቀኝ። ግራ እጄም ድኖ ሹራብ መሥራት ጀምሯል፣ ደህና ነው።

ለገና ሁላችሁም ኑ። ለሲልያ የስዕል ፕሮግራም ጭኜላታለሁ፤ ማንንም አላስፈቀድኩም። ሞቷል፣ ይጣል ያልከው ፕሪንተርም አልሞተም፤ ገመዱን ስሰካው ሊኑክሱ ወዲያው በስሙ ጠራው። መጀመሪያ ያተምኩበት ያንን ማመልከቻ ነው። ፎቶዎቹን እንጂ እሱን አላጠፋሁትም፤ ዲስኩ ከመጥፋቱ በፊት ገልብጬው ነበር። የተወለድኩበትን ቀን በእስክሪብቶ አርሜዋለሁ። ትረሳለች ያልከውንም ሰርዤዋለሁ። የራሷን ጉዳይ ማከናወን ትችላለች ወይ ከሚለው ጎን አሁን ትችላለች ብዬ ጽፌያለሁ፤ አሁን የምትለዋን ቃል አስቤባት ነው የጻፍኳት። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። የምፈርምበት ቀን ይመጣ ይሆናል፤ ሲመጣም አስቀድሜ የምደውለው ለአንተ ነው፤ ያን ቀን ሳታቋርጠኝ ትሰማኛለህ።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ። ቤትህን ይባርክልህ። ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ ስታረጅም ሳይጠይቁህ አይወስኑብህ።

እናትህ