የተመለሰው ፊቴ

ይድረስ ለበኩር ልጄ፤ መንገድሽ ይቅና፣ ክፉ አይይሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ከማመሙ በቀር ደህና ነው፤ ታናሽ እህትሽም ሥራ ጀምራለች።

አንድ የደበቅኩሽ ነገር አለ፤ እንዳትቆጪኝ። አምና ፎቶዬን አይተሽ «እማዬ፣ ተመችቶሻል!» አልሽኝ። ምቾት አልነበረም። ፊቴ አብጦ፣ ክንዴ በትንሹ ሲነካ እየበለዘ፣ ከልብስ ስፌት መኪናዬ የምነሳው እህትሽ ደግፋኝ ነበር።

ሐኪሙ «ከኩላሊትዎ በላይ ያለችው ዕጢ እብጠት አውጥታ፣ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ከልክ በላይ ታመነጫለች፤ በቀዶ ጥገና መውጣት አለባት» አለኝ። አባትሽ የፈቃድ ወረቀቱን ፈረመ።

ወጣችልኝ። ግን ወራት ሙሉ አቅም አጣሁ፤ በሌላው ኩላሊቴ ላይ የቀረችው ዕጢ ሥራዋን እስክትለምድ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ኪኒን እውጣለሁ። ባለፈው ሳምንት መስታወት ሳይ፣ እጅሽን ይዛ ትምህርት ቤት ታደርስሽ የነበረችውን ሴት አየኋት። ሸብታለች እንጂ እሷው ናት። ያኔ በሩ ላይ ቀሚሴን ይዘሽ ስታለቅሺ፣ አስለቅቄሽ እሄድና ጥግ ዞሬ እኔም አለቅስ ነበር። ነግሬሽ አላውቅም።

በሄድሽበት ሰው ይስጥሽ፣ ጤናሽ ይብዛልኝ። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ፎቶ ስትልኪልኝ ከሩቅ አትነሺ። ቀረብ በይና ፊትሽን በደንብ ልየው።

እናትሽ