ከቋጥኙ ወዲያ ያለው ውሃ

ይድረስ በሚላኖ ለሚኖረው ለወንድሜ ለሄናሮ፤

ወንድምዬ፣ በመካከላችን በተዘረጋው ውሃ ልክ የበዛ ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ስትወጣ የሚቆረጥምህ ጉልበትህስ ተሻለህ ወይስ አሳንሰሩ በተበላሸ ቁጥር እያማረርክ ትወጣለህ? የምታስታምማቸው ሽማግሌ፣ ሲኞር ኦቶሪኖ፣ ዛሬም «ሾርባው ቀዝቅዟል» እያሉ ይመልሱልሃል ወይስ ለምደውህ ዝም ብለው ይጠጣሉ? እንቅልፍህስ? ምግቡስ? እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። የእኔን ጤንነት ግን ጤንነት ብዬ ልጠራው እንደሆነ እንጃ፤ ከሰኞ ወዲህ አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን ስጽፍልህ እንኳ ሁለቴ ተነስቼ ባሕሩን አይቼ ተመልሻለሁ፤ ካላየሁት የሚያመልጠኝ ይመስለኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስልኩንማ ታውቀዋለህ። ያንተ ድምፅ ሲመጣ እማዬ ከፍ ታደርገውና ግማሹ ሰፈር ማድ ቤታችን ውስጥ ይሰፍራል። ባለፈው ዶና ኤውዶሲያ ከአጥሩ ማዶ ሆና «ከሳህ እንዴ የኔ ልጅ?» ስትልህ አልሰማህም? ድምፅህን ሰምታ መክሳትህን እንዴት እንዳወቀች እሷ ትወቀው። አሁን የምነግርህ ደግሞ እንደዚያ እየተጮኸ የሚነገር አይደለም። ደግነቱ የእሷው ልጅ ዳሊያ ቅዳሜ ወደ እናንተ ስለምትበር በእጇ ታደርስልሃለች። ፖስታውን በሁለት ማጣበቂያ አሽገዋለሁ፤ ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ግን የእናቷ ልጅ ናት።

የጠየቅኸኝ አንድ ነገር ነበር። «ኦሊንዳ፣ ያቺ ሳተላይትሽ ባሕሩን ከላይ ታየዋለች አይደል? ዓሣው ሊመለስ ነው ወይስ አይደለም? ልምጣ ወይስ ልቅር?» አልከኝ። የሽማግሌው ልጆች ውልህን ለማደስ እስከዚህ ወር አጋማሽ መልስ እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። ካላደስክ የመኖሪያ ፈቃድህ አብሮ እንደሚያበቃ፣ አንዴ ከወጣህ ያ በር እንደማይከፈትልህም አውቃለሁ። መጥተህ ባሕሩ ባዶ ከሆነ እዚያም እዚህም የሌለህ ሰው ትሆናለህ። ይህንን ሁሉ በእኔ አንዲት ቃል ላይ ማንጠልጠልህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

እዚህ ሰው እኔን እንደ ጠንቋይ ማየት ከጀመረ ቆየ። ዳቦ ልገዛ ስወጣ «የሰማይ ሚስት፣ ባልሽ ዛሬ ምን አለሽ?» ይሉኛል። አጎታችን ኑንሲዮማ «ያቺ ነገር ሁሉን ካየች የት እንደማመሽ ለሚስቴ እንዳትነግርብኝ» ይላል። ዓሣ አታይም፣ ሰውም አታይም እያልኩ ምላሴ ደከመ። የምታየው ቀለም ነው። ውሃው ላይ በዓይን የማይለይ ደቃቅ ሣር ይበቅላል። ሲበዛ ባሕሩ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲጠፋ ሰማያዊ። ሣሩን ትንሹ ዓሣችን አንቾቬታው ይበላዋል፣ አንቾቬታውን እኛና ወፉ። ሣሩ ራሱ ደግሞ እንደ ማንኛውም ተክል ካርቦን ይመገባል። አንተ ሽማግሌውን ሐኪም ቤት የምታመላልስባት መኪና የምትተፋው ጭስ ሳይቀር ዓለምን ዞሮ ከባሕር ሣር አፍ ይገባል። የሞተው እንደ አመድ እየረገፈ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ከካርቦኑም ከፊሉ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። በባሕር ምርምር ተቋሙ ያለችው አለቃዬ እንደምትለው፣ ባሕር ስንት ጭስ እንደዋጠ የሚያሰሉት ሰዎች የሚነሱት ከዚያች ቀለም ነው።

የእኔ ድርሻ ትንሽ ናት። ሳተላይቷ ቀትር አለፍ ሲል በላያችን ስታልፍ፣ እኔ ጀልባ ላይ ሆኜ ውሃ እቀዳለሁ፣ ክቡን ነጭ ሳህን ጥልቀት በሚለካ ባለ ቋጠሮ ገመድ አወርዳለሁ። ከላይ የታየውና ከታች ያለው ተመሳከረ ማለት ነው። ሳህኑ ቶሎ ከዓይን ከተሰወረ ውሃው ጠግቧል። ወርዶ ወርዶ እየታየ ከቀጠለ ባዶ ነው። አባባ ሁልጊዜ የሚሉትን ታስታውሳለህ፤ «ሰው ሁሉ ባሕሩ ሲያምርለት ይዘፍናል፣ እኛ ባሕራችን ሲያምር ነው የሚርበን።»

ታዲያ ለሳምንታት ማንም ምንም አላየም። ካፊያውና ደመናው ከላያችን አልነቀል ብሎ፣ ከሳተላይቷ የሚመጣልኝ ፎቶ የእኛ አገር ሲደርስ ነጭ ቀዳዳ ነበር። በዚያ ላይ ማዕበሉ ስለበረታ ወደቡ ተዘጋ፤ አንድም ጀልባ ከባሕረ ሰላጤያችን አፍ ከፍራይሌ ቋጥኝ አልፎ አልወጣም። ሰዉ ሥራ ፈትቶ ቁጭ ብሎ መረብ ሲጠግን፣ የተጠገነውን ሲፈታ፣ እንደገና ሲጠግን ነበር የሰነበተው።

ሰኞ የቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ነበር። ማዕበሉ ሌሊቱን ተኛ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰማዩ እንደ መጋረጃ ተገልጦ ፀሐይ ወጣች። እኔ የቅዱሱን ሐውልት ማየት ትቼ ሰዓቴን ማየት ጀመርኩ። ግን በዚያ ቀን ሥራ ነውር ነው፣ ጀልባም ሁሉ ሐውልቱን አጅቦ ባሕሩን ለመዞር የቅዱሱ ነው። የዓሣ አጥማጆች ማኅበሩን አለቃ ዶን ክሪሳንቶን ሄጄ ለመንኳቸው። «ልጄ፣ ዛሬ ሥራ የለም» አሉኝ። «ሥራ አይደለም፣ ሳህን ማጥለቅ ነው» ብላቸው፣ አጎት ኑንሲዮ ከኋላ «ቅዱስ ጴጥሮስስ ዓሣ አጥማጅ አልነበር እንዴ? ይልቅ እሱም ኑሮው አሳስቦታል!» አለ። ሰዉ ሲስቅ እሳቸውም ሳቁና ፈቀዱልኝ። ግን እንደምታውቀው ቅዱሱ ከቋጥኙ አያልፍም። ካለፈ ዕድላችንን ይዞ ይሄዳል ተብሎ ከአያቶቻችን ጀምሮ የተያዘ ነው። እኔም ከቋጥኙ ወዲህ የወረደ ሳህን የሚናገረው ስለ ጓዳችን እንጂ ስለ ባሕሩ እንዳልሆነ እያወቅኩ፣ ከዚያ ሁሉ ጥበቃ በኋላ ያገኘሁትን ላለማጣት እሺ አልኩ።

አበባው ውሃ ላይ ከተበተነ በኋላ አባባ ገመዱን ያዙ። ሰዉ ሁሉ ለማየት ወደ አንድ ወገን ሲጎርፍ ጀልባዋ አዘነበለች፣ ዶን ክሪሳንቶም «ሰዎች፣ ቅዱሱን ያዙት! እሱ መዋኘት አይችልም!» ብለው ጮኹ። የማርሽ ባንዱ ሳይቀር ጥሩምባውን አውርዶ ወደ ውሃው አጎነበሰ። ሳህኑ ጥቂት ቋጠሮ ወርዶ ደበዘዘ፣ አረንጓዴ ለበሰ፣ በቃ። «ጠፋ!» አሉ አባባ። ከዚያማ ምኑን ልንገርህ። ጥሩምባው ተነፋ፣ የበቆሎ ጠላችን ቺቻው ተቀዳ፣ ተኮራርፈው የከረሙ ተሳሳሙ። በሕይወቴ ዕቃ ጠፋ ብሎ እንዲህ የፈነጠዘ ሰው አይቼ አላውቅም። ማታ እማዬ ደውላ «ጠፋ ልጄ፣ ጠፋ፣ ና!» ስትልህ የሰማኸው ጩኸት ያ ነው። አንተም «ኦሊንዳ ካለች እመጣለሁ» አልክ። ስልኩን አፌ ላይ ሲያስጠጉብኝ «ሳህኑስ ጠፍቷል» አልኩህ። ያልኩት እውነት ነበር፤ ያላየሁት ግን ብዙ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት የሰኞው ፎቶ መጣልኝ። ነጩ ቀዳዳ ተከፍቷል። የእኛ ባሕረ ሰላጤ አረንጓዴ ናት፤ የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች። ከቋጥኙ ወዲያ ግን እስከ ፎቶው ጠርዝ ድረስ ሰማያዊ ነው፣ ሁሉም ሰማያዊ ነው። ለአለቃዬ ደወልኩ። ሞቃቱ ውሃ ከሰሜን ወርዶ ከላይ እንደ ክዳን ገጥሟል፣ ሣሩን የሚያበቅለው ቀዝቃዛ ውሃ ሽቅብ መውጣት አልቻለም አለችኝ። «ያንቺን ሳህን ግን ከቋጥኙ ወዲያ ካላወረድሽው ከፎቶው ጋር አላመሳክረውም» ብላ ዘጋችው።

ለማንም አልተናገርኩም። ረቡዕ ጠዋት ወደ አባባ ሄድኩ። ጀልባዋን እየቀቡ ነበር፤ ያውም አንተ የምትቀመጥበትን በኩል። ስነግራቸው ብሩሹን ሳያስቀምጡ «ፎቶ ይዋሻል» አሉ። «እንግዲያው ሳህኑን ሄደን እንጠይቀው» አልኳቸው። ቀለሙ ሳይደርቅ ወጣን። ቋጥኙን ስናልፍ እንደ ልማዳቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወፍ አልነበረም። ሞተሩን አጠፉና ገመዱን እራሳቸው ለቀቁት።

ሄናሮ፣ ሳህኑ አልጠፋም። ይወርዳል፣ ይታያል። ይወርዳል፣ አሁንም ይታያል። ሰኞ የጠፋበት ቋጠሮ አለፈ፣ እኔ አይቼው የማላውቀው ቋጠሮ መጣ፣ ከዚያ ገመዱ አለቀ። አባባ የመልሕቁን ገመድ ፈተው ቀጠሉበት። ያም ወረደ፤ ሳህኑ ከታች እንደ ጨረቃ ያበራል። ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «እንዴት ያምራል» አሉ። እኔ ገመዱን እየሳብኩ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ጥልቁ መለሱ፤ ቋጥኙ ጋ ስንደርስ ብቻ «ለልጁ ያየሽውን ጻፊለት፤ ለእናቱ እኔ እነግራታለሁ» አሉኝ።

ስለዚህ ይኸው ያየሁትን ጻፍኩልህ። ውልህን አድስ፣ ወንድምዬ። አትምጣ ማለት አፌን እንደሚያቃጥለኝ እወቅልኝ። ይህ ክዳን ለዘላለም አይገጥምም፤ መቼ እንደሚነሳ ግን እኔም አላውቅም፣ አውቃለሁ የሚልህንም አትመን። ሰማዩ በተከፈተ ቁጥር ከቋጥኙ ወዲያ እወጣለሁ። ሳህኑ እዚያ ከጠፋልኝ ደብዳቤ አልጽፍም። ያን ዕለት በስልክ ነው የምነግርህ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ።

አባባ «ጉልበቱን ብርድ አያስመታ» ብለውሃል። ጀልባዋን ቀብተው ጨርሰዋል፣ ያንተንም በኩል። አጎት ኑንሲዮ ሰላም ብሎሃል፤ እዚያ ሚስት ካገኘህ ከሳተላይቷ እንድትደብቃት ይመክርሃል። ዶና ኤውዶሲያ ከአጥሩ ማዶ እየሳመችህ ነው፣ ምን እየጻፍኩ እንደሆነም ሦስቴ ጠይቃኛለች። ለሲኞር ኦቶሪኖ ሰላም በልልኝ፤ ሾርባቸውን ትኩሱን ይጠጡ፣ ዕድሜያቸውም ይርዘም።

እማዬ ትላንት ማታ ከአባባ ጋር ደጅ ተቀምጣ ቆይታ ስትገባ በቀጥታ ወደ መኝታዋ ሄደች። ለመምጣትህ ብላ ከማክሰኞ ጀምሮ ፍራሽህን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ታሰጣው ነበር። ዛሬ ጠዋት አታወጣውም ብዬ ነበር፤ አወጣችው። ሳያት ባየችኝ ጊዜ ዓይኗን ከእኔ አሽሽታ «እርጥበት እንዳይገባው ነው» አለችኝ። እሷም ሰላም ብላሃለች።

እህትህ ኦሊንዳ

ካሌታ ኤል ፍራይሌ፣ ፔሩ
ሐሙስ፣ ጁላይ 2 ቀን 2015