ከጀርባ ያለው ተራራ

ሰኞ፣ ጥቅምት 16

አብሮ አደጌ ደመቀ እሺ አለ! ሚኒባሱን ለአንድ ሳምንት ከመስመር ያወጣል፤ ሚስቱ እታገኝም አብራን ትመጣለች። ቅዳሜ ሳምንት እንነሳለን። ወልድያ፣ ጋሸና፣ ደብረ ታቦር፣ ጎንደር፣ ደባርቅ። ከዚያ ስሜን ተራሮች። ስሞቹን እየደጋገምኩ ስጠራቸው እማ «መንዙማ ልታወጪ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ፎቶ ቤቴን ከከፈትኩ ጀምሮ ግድግዳው ላይ የስሜን ሥዕል ተሰቅሏል። ገደል፣ ጭጋግ፣ ቀንዱን ወደ ኋላ የቆለመመ ዋልያ። የሐይቅ ከተማ ሙሽራ በሙሉ እዚያ ፊት ቆሟል። ሐይቁ ከደጃቸው ተኝቶ እያለ ማንም ከሐይቁ ጋር ልነሳ አይልም። «ከተራራው ጋር አንሺን» ነው። እኔ ግን ተራራውን በዓይኔ አላየሁትም። ደንበኛ ወጥቶ ሲያልቅ ዞሬ አየዋለሁ። ጭጋጉ ይሸታል? ዋልያው ሲረግጥ ድንጋዩ ድምፅ ያወጣል? ይህን ያህል መናፈቅ አርባ ዓመት ያለፋትን ሴት ያሳፍር ይሆናል። እኔን አያሳፍረኝም። አምና ልሄድ ስል ኮሮና ነጠቀኝ፤ ዘንድሮ ማንም አይነጥቀኝም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 18

ደሴ ኢንሹራንስ ቢሮ ዋልኩ። «ወደ ገደል ነው የምንሄደው፤ እንዲሁ አንሄድም» ያለችው እታገኝ ናት። ሠራተኛዋ ትሑት ልጅ ነች፤ ወረቀቱን ሁሉ አነበበችልኝ። ከገደል ብወድቅስ አልኳት። ለወራሽዎ ይከፈላል አለች። ማን ያወጣኛል፣ ማንስ አገሬ ያመጣኛል? «እሱን እንኳ እኛ አናደርግም፣ እትዬ።» ጦርነትና ሁከትንም አይሸፍንም አለች። ሳቄ መጣ። ዋልያ ልናይ ነው እንጂ ልንዘምት ነው እንዴ? ፈረምኩ።

ስመለስ ግን መንገዱን ሙሉ አሰብኩት። ሰው የማያውቀው ገደል ሥር ለወደቀ፣ ገንዘብ ምኑ ነው? የሚያስፈልገው የሚያወጣው ሰው ነው። ለዚያ ደግሞ እኛ ቅሬ አለን፣ ሌላው አገር እድር የሚለው። እስላም ክርስቲያን ሳይል አብሮ የሚቀብር፣ የታመመውን ተሸክሞ ሐኪም ቤት የሚያደርስ። ችግሩ፣ የእኛ ቅሬ ግዴታው ከደሴ እስከ ውጫሌ ነው። ከዚያ ወዲያ የወደቀ የዘመዱ ጉዳይ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 19

መውሊድ። ከዱዓው በኋላ የቅሬውን ዳኛ ሸህ ሙሄን ጥግ ላይ ይዤ፣ «ከአገር ርቄ አንድ ነገር ብሆን ቅሬው ያመጣኛል ወይ?» አልኳቸው። ትክ ብለው ካዩኝ በኋላ፣ «ያረቢ! በይ እሁድ እናየዋለን፣ ልጄ» ብለው ሄዱ። ምን አስቸኮለኝ? ከተራራው መጀመር ነበረብኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 20

ጉድ ፈላ። በጠዋት ጎረቤታችን አጥሚት ይዛ መጣች፤ በሽተኛ ልትጠይቅ። ከሰዓት ሌላዋ መጥታ «በዚህ ዕድሜሽ ደሞ ዐረብ አገር?» ብላ መከረችኝ። ለግማሹ ከተማ ልሞት ነው፤ ለግማሹ ጅዳ ልሄድ ነው። ስለ ራሷ ሬሳ አስቀድማ የምትጠይቅ ሴት ሌላ ምን ትሆናለች? እማ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። «ሐኪሙ ያለሽን ለእኔ ብትነግሪኝ ምን አለበት?» «እማ፣ ፍየል የመሰለ አውሬ ለማየት ነው የምሄደው» አልኳት። ጭራሽ ባሰባት።

አጥሚቱ ግን ይጣፍጥ ነበር። ጨረስኩት።

እሁድ፣ ጥቅምት 22

ዋርካው ሥር፣ በቅሬው ፊት ቆሜ ተናገርኩ። ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ናፍቆቴ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። አንድ ሽማግሌ፣ «ተራራ ካማረሽ አምባሰል አለልሽ አይደል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን አምባሰል አንድም ቀን ርቆኝ አያውቅም፤ ያልራቀ እንዴት ይናፈቃል?

ከዚያ ክርክር ሆነ። ለሽርሽር የሄደ ሰው ቅሬ ሊያስቸግር አይገባም የሚል አለ። ለሥራ የሄደስ የሚል አለ። ሸህ ሙሄ ሁሉን ከሰሙ በኋላ፣ «ቅሬ የተባለው ሰው ብቻውን ወድቆ እንዳይቀር ነው፤ አወዳደቁን ልንመርጥለት አይደለም። ከእንግዲህ የቅሬያችን ሰው የትም ይውደቅ እናመጣዋለን» አሉ። ተመረቀ። አሚኑም አሜኑም አንድ ላይ ወጣ። ደመቀ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አሁንማ ሳትወድቂ ብትመለሺ ታፍሪያለሽ፣ ፋጤ» አለኝ።

ደስታዬ እህል አላስበላኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 24

ወፍራም ጋቢ። ቆሎ። ካሜራዬ፣ ትርፍ ባትሪ። እታገኝ ለመንገዱ የገዛችውን ሸራ ጫማ ቤት ውስጥ እያደረገች ትለማመድበታለች፤ ደመቀ «ሴትዮዋ ጓዳ ስትገባ ዳገት እየወጣች ነው» እያለ ያሾፍባታል። እማ ልቅሶዋን ትታ «ዋልያውን ስታገኚው ከእኔ ሰላም በይው» አለችኝ። የሥዕሉን አቧራ ጠረግኩና በቅርቡ እንተያያለን አልኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 25

ጦርነት። ሬድዮው ሰሜን ላይ ጦርነት ተጀመረ አለ። ሌላ ጣቢያ ሞከርኩ፤ ያው ነው።

ደመቀ ደጄ መጥቶ «እንግዲህ ቅዳሜ…» ብሎ አልጨረሰውም። ደሴ ላይ የሳቅኩት ሳቅ ትዝ አለኝና አንገበገበኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 28

መሄጃችን ዛሬ ነበር። ጋቢውን ከሻንጣው አወጣሁት። ሰው ልጁን፣ ሚስት ባሏን በሚሸኙበት ቀን እኔ ዋልያ ናፈቀኝ ብዬ ለማን አወራለሁ? ግን ናፈቀኝ። እዚህ ልጻፈው።

ፎቶ ቤቱ ሞልቶ ዋለ። ሊዘምቱ የተጠሩ ሚሊሻዎች ናቸው፤ ከእናት ጋር፣ ከሚስት ጋር። ሁሉም ስልክ አለው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ግን ከእኔ ይፈልጋሉ። ከየትኛው ጋር ላንሳችሁ ስላቸው፣ «ከተራራው ጋር» ይላሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 30

የደመቀን ሚኒባስ ዘማች እንዲያደርስ ጠሩት። ራሱ ነው የሚነዳው። ወደ ሰሜን፣ ያለ እኛ።

ከመሄዱ በፊት ገባና ከተራራው ፊት ቆመ። «እዚያው ስንደርስ ታነሺኝ አልነበር? በይ እዚሁ አንሺኝ» አለ። እንደ ወትሮው ሊያስቀኝ ነበር። ደጋግሜ አነሳሁት። እታገኝ ውጭ ቆማ የመኪናውን መስታወት በነጠላዋ ትወለውላለች፤ ንጹሕ ነበር። ሁልጊዜ ሲነሳ ጥሩምባ የሚያሰማው ሰው ዛሬ ሳይነካው ሄደ።

እሁድ፣ ኅዳር 6

እታገኝ በጠዋት መጣች። ደመቀ ከሄደ ጀምሮ ስልኩ አይገባም። «ቅሬው ላይ አንቺ ተናገሪልኝ፤ አንቺን ሰምተውሻል» አለችኝ። ያን የመንገዱን ጫማ አድርጋለች።

ዋርካው ሥር፣ በሳቁብኝ ቦታ ቆምኩ። «ለእኔ የወሰናችሁት ለዘመተም ይሆናል ወይ?» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ከኋላ አንድ ሰው፣ «ኧረ ኢንሹራንስ እንኳ ጦርነት አልሸፍንም ይላል» አለ። ሸህ ሙሄ ዘወር ብለው፣ «እኛ ኢንሹራንስ አይደለንም» አሉት። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «የትም ይውደቅ ብለናል። ጦርነቱም የትም በተባለው ውስጥ ነው። እናመጣዋለን» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከተገኘ» ብለው ጨመሩ። እታገኝ አንገቷን ደፋች። «በእግሩ ያምጣው!» ብለው መረቁ። እንዲህ ያለ አሚን፣ እንዲህ ያለ አሜን ሰምቼ አላውቅም።

ያን ውሳኔ ለዋልያ ስል ነው ያስወሰንኩት። አሁን ለማንም እንዳያስፈልግ አላህን እለምናለሁ።

ወደ ማምሻው እኔ ቤት ቁጭ ብለን ሳለ የእታገኝ ስልክ ጠራ። ደመቀ! ድምፁ ይቆራረጣል። ደህና ነኝ አለ። ልጆቹን ጠየቀ። ቀጥሎ፣ «ለፋጤ ንገሪልኝ፣ ትልቅ ተራራ ይታየኛል፤ ዋልያ ግን የለም» እያለ ተቋረጠ። እታገኝ መልሳ ደወለች። አልገባም። ደግማ ደወለች።

«ተራራ ይታየኛል ነው ያለው፣ አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ስልኩን መሃላችን አድርገን ተቀመጥን። እማ «ጫማሽን አውልቀሽ እንኳ ተቀመጪ፣ ልጄ» ብትላት እምቢ አለች።